ሁለት ዓመት ለምን ሆነ?

ጥቅምት ፱ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? ባለፈው ስንደዋወል ደረጃ መውጣት አስቸገረኝ ብለኸኝ፣ ወዲያው "ትንሽ ነገር ነው" ብለህ ወሬውን ወደ አየሩ አዞርከው። እኔም ተከተልኩህ። እኔና አንተ ስልክ ስንይዝ እንዴት እንደምንሆን ታውቀዋለህ፤ ዝናብ ጣለ፣ ፀሐይ ወጣች፣ እማዬ ደህና ናት፣ በል ደህና ዋል። ዛሬ ስለዚህ ወረቀት አወጣሁ። የምነግርህ በስልክ የሚሆን አይደለም፤ መሐል ላይ "እሺ፣ እሺ" እያልክ እንድታቋርጠኝም አልፈልግም። ከሌላ ሰው ከመስማትህ በፊት ከእኔ አፍ እንድትሰማው የምፈልገው ነገር አለ። ግን ከመጨረሻው አልጀምርም። በተራው ላውራህ፣ ታገሠኝ።

ትምህርት ቤታችንን አይተኸው አታውቅም። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ አሮጌ ሕንፃ ነው። ልብስ ስፌት፣ የቧንቧ ሥራና ኤሌክትሪክ እናስተምራለን። ስፌቱ ማሽኖች አሉት፤ ቧንቧውም ልጆቹ እንዳሻቸው የሚቆፍሩት ጓሮ አለው። ኤሌክትሪኩ ግን ያለው አንድ የእንጨት ሰሌዳ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ ሶኬትና አንድ አምፖል ተመትቷል። ተማሪዎቹ ተሰልፈው በየተራ ያንኑ ይፈታሉ፣ ያንኑ ይገጥማሉ። መምህራቸውን "ኮረንቲ" ይሉታል። ስሙ የወጣለት በሙያው እንዳይመስልህ፤ በጠባዩ ነው። "እትዬ ዳይሬክተር" ይለኛል፣ "እኔ እዚህ የማፈራው ኤሌክትሪሺያን አይደለም፤ ከአንዲት አምፖል ጋር የተዋወቀ ሰው ነው።"

የኤሌክትሪክ ወርክሾፕ እንዲሠራልን ለመንግሥት ድጋፍ አመለከትን። እኔና ኮረንቲ እየተጨቃጨቅን ስንጽፍ ከረምን። መልሱ ሲመጣ ውድቅ ሆኗል። ወርክሾፑ ከተሠራ በኋላ ማን እንደሚጠግነው የሚገልጸው ገጽ የለም ይላል። እውነት ነው የለም፤ ረስተነዋል። ኮረንቲ ጠረጴዛዬን መታና "ማን ይጠግነዋል? እኔ ነኛ! መጠገን አይደል እንዴ የማስተምረው!" አለ። ከሥር ደግሞ አንዲት መስመር አለች። ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ተቋም ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንደገና ማመልከት አይችልም።

የቁጥጥር ክፍል ሰዎች በዚያ ሰሌዳ ብዙ እንደማንዘልቅ፣ ወርክሾፕ ካላገኘን የኤሌክትሪኩን ክፍል እንደሚዘጉት ቀድመው ነግረውናል። ሁለት ዓመት ስንጠብቅ ክፍሉም አይኖርም፣ ኮረንቲም አይኖርም።

የጎደለውን ገጽ በማግሥቱ ጽፌ ድጋፉን ወደሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀቱን እንኳ አልነካችውም።

"አይቻልም እትዬ። ሁለት ዓመት ይጠብቃሉ።"

"የጎደለችው ገጽ ይቺው ናት፤ ተጽፋለች። ሁለት ዓመት ብታስቀምጪያት አትፋፋ፣ አትወልድ!"

ልጅቷ ሳቀች። ስትስቅ ጊዜ ደፈርኩ። "እስቲ ንገሪኝ፤ ለምን ሁለት ሆነ? ለምን አንድ አልሆነም? ሦስትስ?"

"ደንቡ ነው" አለች። ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እውነትም ግን ለምን ይሆን?" አለችኝ።

ንዴቴ እዚያው መስኮቱ ላይ ቀረ፤ ይዤው የወጣሁት ጥያቄውን ነው። ሆዴ አልቆርጥ አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ "ሁለት" ብሎ ጽፏል። ምን ታይቶት ነው? የቢሮውን የድጋፍ ክፍል ኃላፊ ጠየቅኩት። "የሥራ ጫና ለመቀነስ ነው" አለኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ያለው ጋዜጣ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ያለው ቢሮ ገባሁ። "ለፍትሐዊነት ነው" አሉኝ። እንዴት እንደሆነ ስጠይቅ ወደ ክፍሉ ኃላፊ መለሱኝ። ሦስተኛው ሰው ከበጀቱ ጋር የተያያዘ ነው አለ። በጀቱ እኮ በየዓመቱ ነው ስለው "ታዲያ አይሆንማ" ብሎ ከእኔው ጋር መገረም ጀመረ። ሁሉም ጋ መልስ አለ፤ የአንዱ ግን የሌላውን አይመስልም።

ቆይቶ ያቺ የመስኮት ልጅ ደወለችልኝ።

"እትዬ፣ ጥያቄዎትን አጋቡብኝ እኮ! ጡረታ የወጡትን ጸሐፊያችንን አግኝቼ ጠየቅኳቸው። ያንን አንቀጽ ያመጣው አንድ ወጣት ሠራተኛ ነው አሉ፤ ብቻውን ተነሥቶ ተከራክሮ አስጸደቀው። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፣ ከዚያም ውጭ አገር ሄደ። ስሙ ግን ጠፍቶባቸዋል።"

"ምክንያቱንስ?"

"ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም አሉ። 'ይጠቅማል' ብቻ ነው ያለው። ደግሞ ሌላ ወሬ አለኝ፤ ደንቡ እንደገና ሊታይ ነው። የትምህርት ቤቶች ስብሰባ ይጠራል።"

ስብሰባው ተጠራ። የየትምህርት ቤቱ ዳይሬክተሮች ተሰብስበን መከርንና ደንቡ ይሰረዝልን ብላ እህታችን ትናገር፣ አፍ ያላት እሷ ናት ብለው እኔን መረጡኝ። ኮረንቲ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነኝ።

እና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤት ሰሃን እያጠብኩ ንግግሬን ጮክ ብዬ እለማመዳለሁ። እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች።

"ምንድነው የምትለፈልፊው?" አለችኝ።

"ስለ አንድ ደንብ ነው እማዬ። ድጋፍ የተከለከለ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ይጠብቅ የሚል።"

"እ፣ የወንድምሽ ደንብ" አለች። እጇ ከአተሩ አልተነሣም።

"የማን?"

"የወንድምሽ ነዋ! ሌላ ወንድም አለሽ እንዴ?"

ወንድም ጋሼ፣ ጆሮዬን አላመንኩትም። እግሬ እስኪቀጥን ከቢሮ ቢሮ ስዞር፣ መልሱ ቤቴ ተቀምጦ አተር ይፈለፍላል! አንተ ቢሮ ትሠራ እንደነበር አውቃለሁ፤ የትኛው ቢሮ እንደሆነ ግን ልጅ ምን ያውቃል? ለእኔ ቢሮ ማለት ከረሜላ ይዘህልኝ የምትመጣበት ቦታ ነበር።

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጠየቅሽኝ?"

የታጠበውንም ያልታጠበውንም ሰሃን ትቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። መልሼ የምነግርህ በእኔ ጆሮ እንዴት እንደገባ እንድታውቀው ነው፤ የተሳሳተ ካለ አርመኝ።

አባዬ ለሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲሠራለት ያመለክት ነበር አለችኝ። ይከለክሉታል። ለምን እንደከለከሉት አይነግሩትም። እሱ ደግሞ የእምቢታው ቀለም ሳይደርቅ ሌላውን ይጀምራል። በክፍል ውስጥ ልጆቹን "ይህን ገልብጡ" ብሎ ጥግ ይዞ ይጽፋል፤ ቤት መጥቶ ይጽፋል። የአንተ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ያማረ ነበር። የጎረቤት ልጆች ውጭ ኳስ ሲያባርሩ አንተ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰህ የአባዬን ማመልከቻ በንጹሕ ወረቀት ትገለብጣለህ።

"'ልጁን ልቀቀው፣ ወጥቶ ይጫወት' ስለው 'ይቺ የመጨረሻዋ ናት' ይለኛል" አለች እማዬ። "ማለቂያ የሌላት የመጨረሻ! አባትሽ መምህር ሆኖ ተቀጠረ፤ አመልካች ሆኖ ቀረ። ወንድምሽ አደገና ሄዶ ሄዶ እዚያው ማመልከቻው የሚገባበት ቢሮ ተቀጠረ። አንድ ቀን መጣና 'እማዬ፣ አባዬን የማሳርፍበት መንገድ አገኘሁ' አለኝ።"

"ለምን ሁለት ዓመት እንደሆነ ነግሮሻል?"

"ጠይቄዋለሁ። 'አንድ ዓመት ቢሆን ዓመቱን ሙሉ ሲዘጋጅ ይከርማል፤ ሦስት ቢሆን ልቡ ይሰበራል' አለኝ።"

በቃ፣ ይኸው ነው። የክፍሉ ኃላፊም፣ ፍትሐዊነትም፣ በጀትም የማያውቁት መልስ።

ልዋሽህ አልፈልግም፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። አንድ ሰው ለማሳረፍ ብለህ ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት አስጠበቅክ! ኮረንቲንና ያንን ምስኪን ሰሌዳ አሰብኩ። ከዚያ እማዬን ጠየቅኳት፤ ይህ መቼ ነው የሆነው? "አንቺ ፊደል ልትጀምሪ ስትይ" አለችኝ።

ያኔ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። እኔ የማውቀው አባዬ ጠረጴዛ ላይ የሚያጎነብስ ሰው አይደለምና። እኔ የማውቀው በጊዜ ወደ ቤት ገብቶ እጄን ይዞ ከአውራ ጎዳናው በላይ ወዳለው የእግረኛ ድልድይ የሚወስደኝን ነው። እዚያ ቆመን ከሥራችን የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች እናያለን። "ያኛው ምን የጫነ ይመስልሻል?" ይለኛል። ሲሚንቶ እለዋለሁ። "በምን አወቅሽ?" ጎማው ተጨፍልቋላ! "ያኛውስ?" ባዶ ነው፤ ይዘላል። ይስቃል፤ ሲስቅ ደግሞ የድልድዩን ብረት በመዳፉ ይመታዋል። ፊደል ያስቆጠረኝ በሳሎናችን በር ላይ በጠመኔ እየጻፈ ነው። ተማሪዎቹም ሲያገኙኝ "አባትሽ ሲያስተምር እኮ ደወል እንዳይደወል ነበር የምንጸልየው" ይሉኛል። ሁልጊዜ እንደዚያ የነበረ ይመስለኝ ነበር። እኔ የእርጅና ልጅ ነኛ! ከእኔ በፊት ሌላ ሰው እንደነበር ማን ይነግረኛል?

አንተ ያንን አባት አላገኘኸውም። እኔ ደግሞ ያገኘሁት አንተ በጻፍከው መስመር ነው። እኔም ከእማዬ ጋር አተር መፈልፈል ያዝኩ።

"ሁለቱ ዓመት ሲያልቅስ?" አልኳት።

"ቀኑን እየጠበቀ ነበር። ደረሰ፤ ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ 'አባዬ፣ መኪኖቹ እያለፉን ነው!' ብለሽ ጮህሽ። አንቺን አየ፣ እኔን አየ፤ ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ መለሰው። ከዚያ ወዲያ ሲያወጣው አላየሁም።"

ደንቡን ማን እንዳመጣው ለአባዬ የነገረው አንድ የቢሮ ሰው ነው አለችኝ። አባዬ "እጁን አቃንቼ ያስተማርኩት በር እንዲዘጋብኝ ነው?" አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናንተ ሁለታችሁ ቃል አልተለዋወጣችሁም። አንተም ሄድክ። ለቀብሩም አልመጣህም። ለዚህ ሁሉ እኔ በልቤ ሌላ ምክንያት ሰጥቼው ኖሬያለሁ።

አሁን ግን ይህን ስማኝ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት ዋናው ለዚህ ነው። አባዬ ሕመሙ ሳይጠናበት አንድ ቀን እንዲሁ ከመሬት ተነሥቶ "ልጁ ልክ ነበር" አላት። "ምነው ታዲያ ጻፍለት!" ብትለው ምን እንዳለ ታውቃለህ? "መጻፍ ሰልችቶኛል።"

ሳቅኩ፣ ሳቄን ሳልጨርስ አለቀስኩ። እማዬ "ለወንድምሽ ነግሬው የለም እንዴ?" አለችኝ። ነግራህ ነበር? ካልነገረችህ ይኸው ነገርኩህ። ልጁ ልክ ነበር ብሏል። በራሱ አፍ።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ዳይሬክተሮቹ "ሰርዙልን" እንድል ይጠብቃሉ፤ ኮረንቲ ከኋላዬ ተቀምጧል። ተነሥቼ ቆምኩና የተለማመድኩት ንግግር ከአፌ አልወጣ አለ።

"ይህ ደንብ ለመንግሥት ካዝና የታሰበ አይመስለኝም" አልኩ። "ድጋፍ ሲያሳድድ ማስተማር የረሳ አንድ መምህር አውቃለሁ። ወደ ክፍሉ የመለሰው ይህ ደንብ ነው።"

"እትዬ፣ ከማን ወገን ነዎት?" አለ ኮረንቲ ከኋላዬ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

"ቆይ ልጨርስ! ያ መምህር ለዓመታት የጻፈው ለምን እንደተከለከለ የሚነግረው ሰው ስለጠፋ ነው። ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው አንድ ሰው ቢያገኝ ያን ሁሉ ዓመት ባልጻፈ። አንዲት ገጽ የረሳን ትምህርት ቤትና መንገዱ የጠፋበትን ትምህርት ቤት እኩል ታስጠብቃላችሁ። ስንጠብቅ ደግሞ ማንም መጥቶ 'ምን ጎደላችሁ?' አይለንም። መጠበቁ ይቅር አልልም። ብቻችንን አታስጠብቁን ነው የምለው።"

ብዙ ተከራከሩ፤ እኔንም የተቆጣኝ ዳይሬክተር አለ። በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው፦ ማመልከቻው ወረቀት የጎደለው ወዲያው ያሟላል፤ ሌላው አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ የከለከለው ሠራተኛ ደግሞ በአካል ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ምክንያቱን ያስረዳል። ስለዚህ ከድሮ የሥራ ባልደረቦችህ አንዱ ደውሎ ደንብህ ፈረሰ ቢልህ አትመነው። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። የመጣበትን ምክንያት ግን አልነካሁትም።

ስወጣ ያቺ የመስኮት ልጅ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። "እትዬ፣ ለምን ሁለት እንደሆነ አገኙት?"

"አንድ ያንሳል፣ ሦስት ይበዛል።"

"በቃ? ይኸው ነው?"

"የቀረው የቤተሰብ ነው" አልኳት። አሁንም ጉጉቷ እንዳልበረደላት ፊቷ ላይ አየሁ።

የእኛ ነገር ምን ሆነ አትለኝም? አዲሱ ደንብ ወደ ኋላ አይሠራም አሉና እኛ በድሮው እንጠብቃለን! ኮረንቲ ይህን ሲሰማ ይፈነዳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ ሲያልፍለት ጣሪያውን አየና "ይህ ሕንፃ ሽቦው የተዘረጋው መጋዘን ሳለ ነው። አርጅቷል። ልጆቹ ለምን ይህንን አይለውጡትም?" አለ። ክፍል በክፍል ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን የስፌት ክፍሉ ጨለመና የስፌት መምህሯ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጥታ "የሰው ቀሚስ መቀስ ውስጥ ነው ያለው፣ አብሩልኝ!" ብላ ኮሪደሩን አናወጠችው። የቁጥጥር ሰዎቹም መጡ። "ይህ ሕንፃ ነው ወይስ ወርክሾፕ?" ብለው ጠየቁ። ኮረንቲ "ሁለቱም" አላቸው። ገና አልወሰኑም። ጥለውን የሄዱ ተማሪዎች አሉ፤ ያሉት ግን ሥራ እየለመዱ ነው። ለጊዜው አልዘጉንም፣ ኮረንቲም አልሄደም።

እማዬ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትስቃለች። የድሮውን እንደ ዛሬ ታወራዋለች፤ የዛሬው ነው ትንሽ የሚያስቸግራት። ምድጃውን የማበራውም የማጠፋውም አሁን እኔ ነኝ። ሥራ ስውል ጎረቤታችን ነርሷ ብቅ እያለች ታያታለች። ባለፈው ሳምንት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ብቻዋን ሄዳ ነበር፤ ከእኛ የቧንቧ ተማሪዎች አንዷ አውቃት መለሰችልኝ። አታስብ። ይህን የምነግርህ እንድታስብ አይደለም።

አሁን ከእንቅልፏ ተነሥታ አጠገቤ መጥታ ተቀምጣለች። "ለማን ነው የምትጽፊው?" አለችኝ።

"ለወንድም ጋሼ።"

ሳቀችብኝ። "አንቺ ሞኝ! እዚያ ክፍል ተኝቶ የለም እንዴ? ገብተሽ አትነግሪውም?"

ምን ልበላት? ብዕሬን አስቀምጬ ሄድኩና የክፍልህን በር ከፈትኩ። ሣጥኖቹን ወደ ጓዳ አወጣሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ አንሶላ ለወጥኩ። ስመለስ "ተነሣ?" አለችኝ። "ገና ነው እማዬ" አልኳት። "እሺ፣ ይተኛ፣ ደክሞታል" አለችኝ።

ጉልበትህን ያበርታልህ። ደረጃህን ያቅልልህ፤ ቤትህን ሰላም ያውልልህ፤ ልብህ ላይ ያለውን ሸክም አንድ በአንድ ያራግፍልህ። እማዬም መርቂው ስላት "እደግልኝ" ብላሃለች።

"ወይዘሪት ለምን" እያልክ ትጠራት የነበረችው
ታናሽ እህትህ